መጠለያ ቁጥር አርባ አንድ

አሽቀሎን፣ ከባሕሩ በስተኋላ፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ፣
ከፎቆቹ እግር ሥር፣ የማያየው ፀሐይ፣
አንድ የኮንክሪት ጉድጓድ አለ፣ በሩ የብረት፣
ደረጃው አሥራ ዘጠኝ፣ ሽታው የእርጥበት፤
ማዘጋጃ ቤቱ ለጦርነት ያዘዘው፣
ጀምበሩ በአንድ ሳክስፎን የያዘው።
«እናንተ ከላይ ለሚወርደው ሠራችሁት፤
እኔ ከታች ለሚወጣው ልዋሰው» ሲላቸው ጊዜ፣ ሰጡት።

የፖሊስ ኦርኬስትራ ነው ያስተማረው፣
ቀን ለሰልፍ ነፋ፣ እግር እየቆጠረ፤ ማታ ግን የኖረው
በአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ በማያውቃቸው ሰዎች፣
ዜማ ጀምረው በሚጠፉ፣ ጠፍተው በሚመለሱ ነፊዎች።
«እንደ ቅኔ ተማሪ ናቸው» ይል ነበር ጀምበሩ፣
«ሰሙን አቅልጠው አቅልጠው፣ ወርቁን የሚያስቀሩ።»

በዚያ ሌሊት፣ አውሮፕላኑ ዘንድ፣ ዕቃ አይገባም ተባለ።
ሳክስፎኑ የመንግሥት ነው፤ እዚያው ቀረ። እሱ ግን አታለለ፤
መንፊያ አፉን፣ አውራ ጣት የሚያህለውን፣ በካልሲው ሸሽጎ ወጣ።
ሌላው ስደተኛ አካል ይዞ ምላስ ሲያጣ፣
እሱ አካል የሌለው አፍ ይዞ መጣ።

ሰባት ዓመት በአሽዶድ ወደብ የብርቱካን መጋዘን ጠበቀ።
ከያፋ አሮጌ ተራ፣ ከአንድ ሩሲያዊ፣ አካሉን ገዛ፤ ነገሩ በጣት አለቀ፤
ሁለቱም ዕብራይስጥ አይችሉም።

በመታወቂያው «ሺምሾን» ነው፤ ጸሐፊዋ ጀምበር ፀሐይ መሆኑን ሰምታ።
በፖስተሩ «ጂም»። ያፋ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሐሙስ ማታ፣
አንቺሆዬን ጀምሮ አጣሞ፣ አጣሞ ሲያቃናው፣
አንዱ ተነሥቶ «ይህ አዲስ ነው!» አለ። ጀምበሩ ሳቀ፦ «ይሁንልህ ጌታው፤
አሮጌ ነው ብልህ ዋጋው ይወርዳል።»
ሦስት ዓመት እንዲህ ነፋ። ጭብጨባ ይሞቃል እንጂ መች ያጠግባል።

እኛን ሲሰበስብ፣ ሳክስፎን አላስነካንም አንድ ወር።
«የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ፍሬን ምን ድምፅ ላይ ነው? ሂድ፣ ስማና ንገር።»
«አምስት ድምፅ ብቻ?» ብሎ ያሾፈ አንድ ልጅ ነበር፣ ሊዮር።
መዳፉን ዘረጋለት፦ «ቤት የተሠራው በስንት ጣት ነው? ቁጠር።»

ዓርብ ዓርብ፣ ከቂርያት ጋት እስከ ቂርያት ማላኪ፣ ካሴት ለመነ፤
የሠርግ፣ የልቅሶ፣ የቄሶች ጸሎት፣ በደብዳቤ ፋንታ የተላከ ድምፅ፣ የተበጠሰ፣ የባከነ።
ካሴት የሌለውን ሽማግሌ ራሱ ይቀዳል፣ ማይክሮፎኑን ታቅፎ፣
ሳሉን ዋጥ አድርጎ፣ ከሶፋው ጥግ ተለጥፎ።
በአንዱ ካሴት ማሲንቆው ሲያለቅስ፣ መሃል ላይ ቀጥ ይልና፣
ሕፃን በዕብራይስጥ እስከ አሥር ይቆጥራል፤ ማሲንቆው ይመለሳል እንደገና።
«ላጥፋው?» አልኩት። «ተው፤ ልጁም ዘፋኝ ነው» አለኝ፣
«ታሪክ ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ሌላ ማን ያሳየኝ?»

ይኸው ካሴት ሲዞር፣ አንድ ምሽት፣ ሳይረኑ አለቀሰ፤
ጎረቤት በፒጃማ፣ በእርጥብ ጸጉር፣ በአንድ ጫማ፣ ደረጃውን ጨረሰ።
አቪታል፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ጣሪያውን እያየች፣
«መምህር፣ ከማሲንቆው ግማሽ ድምፅ ይወርዳል» አለች።
ከላይ አንድ ነገር ፈነዳ፤ አቧራ ወረደ።
የወይዘሮ ትርፌ እጅ ግን ወደ ቴፑ ሄደ፤
«ካሴት የለኝም» ብላ በር የዘጋችበት ናት፣ ሁለቴ።
«ቀንሱት» አለች። «በቁሙም እንዲህ ይጮህ ነበር ባሌ፣ በሞቴ።»
በማግስቱ ሁለት ዘንቢል ሙሉ ይዛ ወረደች።
አልተቀመጠችም፤ አስቀምጣ ሄደች።

አሁን ሳንባው አይታዘዝም። የባሕሩ ጨው ሳክስፎኑን አረንጓዴ አልብሶታል።
ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ አፉ ሊዮር ዘንድ፣ እሱ ይነፋበታል።
አራት መቶ አሥራ ሁለት ካሴት፤ በአንዱም ላይ ስሙ አልተጻፈም፤
ጠይቄው ነበር። «እኔ ቀጂ ነኝ» አለ፤ «ቀጂ አይጠጣም።»

ግን ማታ፣ መብራቱን አጥፍተህ፣ ድምፁን ከፍ ብታደርገው፣
ከማሲንቆው ጀርባ፣ ከጸሎቱ ጀርባ፣ የሚተነፍስ አንድ ሰው
አለ፤ ሳሉን የሚውጥ።

ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው። በሩ ይከብዳል፤ ግፋው። ስትወርድ ግን አትሩጥ።